የኦቦ ነገሳ ችካሎች

«ቀይ ቀለም አላችሁ?»

ሬሐና ከባንኮኒው ጀርባ ቀና ስትል ካሣዬን አየችው። ከኋላው ሁለት ጎረምሶች ቆመዋል፤ አንደኛው ዶማ ይዟል። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ እንኳን ቀለም ስኳር የሚገዛ ጠፍቶ ስለሰነበተ፣ ገበያ የመጣ መስሏት ከመደርደሪያው ግርጌ ጣሳውን አነሳች።

«ትራፊ ነው፤ ግማሽ ቢሆን ነው» አለች።

ካሣዬ ጣሳውን ተቀብሎ ክዳኑ ጠርዝ ላይ የደረቀውን ቀለም በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገና ለጓደኞቹ አሳያቸው።

«ያው ነው። ኦቦ ነገሳ ግቢ የተተከሉት ችካሎች የተቀቡት በዚህ ነው።»

የሬሐና አባት ከድሩ ድምፅ ሰምቶ ከጓዳ ወጣ። ዶማውን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ምን ልታዘዝ ካሣዬ?»

«ኦቦ ከድሩ፣ ለሲስተር ቀለሙን የሰጣችኋት እናንተ ናችሁ?»

«የሱቅ ዕቃ ነው እንግዲህ። ሰው ይወስዳል። ምን እንደሚቀባበት እኛ በምን እናውቃለን?»

ሬሐና አፏን ከፈተች። የአባቷ እጅ ትከሻዋ ላይ አረፈና ጠበቅ አደረጋት። አፏን መልሳ ዘጋች።

«ሲስተርን መንገዱ ላይ አስቁመናታል» አለ ካሣዬ። «ጤና ጤና እያለች በየቤቱ ስትዞር የከረመችው ለካ መሬት ልትለካ ነው። ከዚህ ቀበሌ ትወጣለች። ችካሎቹን ደግሞ ልጆቹን ሰብስበን ሄደን እንነቅላቸዋለን።»

ጣሳውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ከድሩ የቀረውን የበሩን ግማሽ ጎትቶ ዘጋው። ሱቁ ጨለመ።

«አባ፣ ቀለሙን የቀባሁት እኮ እኔ ነኝ» አለች ሬሐና።

«ምንም አልቀባሽም። ምንም አላየሽም።»

«ሲስተርን ሊያባርሯት ነው!»

«ስሚኝ ልጄ። አንቺ የተወለድሽው እዚህ ነው፤ እኔም ከዚህ ሌላ ቤት የለኝም። ነገር ሲነሳ ግን መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ሱቅ ነው። ግቢና እናትሽን እርጃት።»

ጊዜው ታኅሣሥ ነበር፣ 2008 ዓ.ም.። ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለችው በዚያች መንደር አንድ ወሬ ብቻ ነበር፤ ማስተር ፕላን። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ጋር ሊያያይዝ ነው የተባለው ዕቅድ ገበሬውን እንቅልፍ ነስቶታል። ዛሬ ያጨድኩትን ሣር ከርሞ የማን አጥር ውስጥ አገኘው ይሆን ይላል ሰው። ከቡራዩና ከሰበታ የሚመጣው ወሬ ልብ ያርዳል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። አስፋልቱ ላይ ድንጋይና ግንድ ተጋድሟል። በዚህ መሐል እርሻ ላይ ጫፉ ቀይ የሆነ ችካል ማየት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል።

የኦቦ ነገሳ ችካሎች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው።

ኦቦ ነገሳ የሚከበሩ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው በሱሉልታ ሜዳ ፈረስ ሲጋልቡ የሚደርስባቸው አልነበረም ይባላል፤ በኋላ ደግሞ የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው እሳቸው ደጅ ነበር። ነሐሴ ላይ ላሞቻቸውን ሊያሰማሩ ሲወጡ በረቱ በር ላይ ወደቁ። ስትሮክ ነው ተባለ። ከሆስፒታል ሲመለሱ ግራ እጃቸውና ግራ እግራቸው አልታዘዝ አሏቸው። የሚገርመው ደግሞ ዓይናቸው እያየ፣ በግራ በኩል ያለውን ነገር ሁሉ ረሱት። ከሳህኑ የቀኙን ግማሽ ብቻ በልተው «ጠገብኩ» ይላሉ። በበር ሲወጡ ግራ ትከሻቸው ከመቃኑ ጋር ይጋጫል። በስተግራቸው ቆሞ ሰላም ያላቸውን ሰው አያዩትም። ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ ቀሩ። ጎረቤት ሁሉ «በቃቸው» አለ።

በቃቸው ያላለችው ገለቴ ብቻ ነበረች። ገለቴ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ነርስ አይደለሁም ብትልም መንደሩ «ሲስተር» ብሎ ሰይሟታል። ሥራዋ ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ላይ እንደሚበዛ ሁሉም ያውቃል፤ እሷ ግን ሽማግሌና አሮጊት ያለበትን ቤት አታልፍም። ኮረብታው ላይ ያሉት አዴ ሎሚ ጋ ግፊት ትለካለች፣ ክኒን የሚረሳውን ትቆጣለች። ኦቦ ነገሳን እያቀፈች ከአልጋ ማንሳት የጀመረችውም እሷ ናት። ሆስፒታል ያለው ባለሙያ እንዳሳያት ግቢያቸው ውስጥ ሁለት ረድፍ እንጨት ተክላ በላዩ የባሕር ዛፍ አጠና አጋደመች፤ ሽማግሌው በሁለቱ መሐል ገብተው እየተደገፉ እንዲራመዱ። ረድፉ እንዳይጣመም ገመድ ሲወጠር አንዱን ጫፍ ሬሐና ያዘች፣ ሌላውን የክፍል ጓደኛዋ ዲኖ።

የግራው ረድፍ እንጨቶች ጫፍ ቀይ እንዲሆን የፈለገችውም ገለቴ ናት። «ዓይንዎ ቀዩን ካልፈለገ እግርዎ አይከተልም» ትላቸው ነበር። ሬሐና ከሱቁ ትራፊ ቀለም አምጥታ አንድ በአንድ ቀባቻቸው። ከዚያ ወዲህ ኦቦ ነገሳ በየሳምንቱ እየጠነከሩ ሄዱ። ያለ እንጨቱ ድጋፍ ግን አንድም ጊዜ ተራምደው አያውቁም።

ሬሐና ወደ ጓዳ ገባች፤ እናቷ ራቢአ ጀርባዋን ሰጥታ ምስር እየለቀመች ነበር። ሬሐና በጓሮ በር ወጣች።

ዲኖን ከድርቆሹ ክምር ጀርባ ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው። ሲያያት ሊነሳ ቃጣው።

«ካሣዬ እኛ ሱቅ መጥቶ ነበር» አለችው። «ስለ ችካሎቹ ማን ነገረው?»

«ሁሉም ሰው እኮ አይቷቸዋል…»

«ማን ነገረው ነው ያልኩህ?»

ዲኖ አንድ ሰበዝ ሣር መዞ በጣቱ ጠቀለለው። «እኔ» አለ።

ሬሐና ሣሩን ከእጁ ነጠቀችው።

«እንዲህ ይሆናል ብዬ መቼ አሰብኩ? ትልልቆቹ ሲያወሩ አጠገባቸው እንኳ አያስቆሙኝም። ዞር በል ፈልፈላ ነው የሚሉኝ። ከዚያ እኔ የማውቀው ነገር አለ አልኩ። ሁሉም ዝም ብለው ሲያዳምጡኝ… በቃ ቀጠልኩ። ሲስተር ገመድ ወጥራ ስትለካ አይቻለሁ አልኳቸው።»

«ገመዱን የያዝነው እኮ እኔና አንተ ነን!»

«አውቃለሁ።»

«ና፣ ሄደን እውነቱን እንንገራቸው።»

ዲኖ ራሱን ነቀነቀ። «ፎጋሪ ነው ብለው ሁለተኛ አያስጠጉኝም። ካሣዬ ደግሞ… እሱ ሲናደድ አላየሽውም።»

«እሺ፤ እንዳልክ» አለች ሬሐና። ጥላው ሄደች።

ከድርቆሹ ክምር አልፎ መንገዱ ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ቤቷ፣ አንዱ ወደ ኦቦ ነገሳ ግቢ። እዚያ ስትደርስ ቆመች። የተዘጋው ሱቅ፣ የአባቷ እጅ ክብደት፣ ያ ዶማ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባት። ከሩቅ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ ልጆቹ እየተሰበሰቡ ነው። ሬሐና ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘችና ወደ ኦቦ ነገሳ ግቢ ሮጠች።

ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ካለው መደብ ተቀምጠው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ። ምራታቸው አውድማ ወርዳለች። ሬሐና ገለቴ እንዳስተማረቻት በግራቸው በኩል ቆመች፤ ሊያዩዋት ከፈለጉ አንገታቸውን ማዞር አለባቸው።

«አካም ቡልተን ኦቦ ነገሳ! እንዴት አደሩ?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ» አሉ፤ አንገታቸውን ግን አላዞሩም። «ዛሬ አልራመድም፤ ትናንትም አልተራመድኩ። ችካል ነው አሉኝ እኮ።»

«አመኑ እንዴ?»

«ልጄ፣ እኔ ግራዬን የማላይ ሰው ነኝ። በማላየው በኩል ምን እንደተተከለብኝ በምን አውቃለሁ?»

ሬሐና እንባዋ መጣ። ለሽማግሌው መንገር የፈለገችው ብዙ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ትንሽ ነው።

«እኔ አይቻለሁ። ሲስተር ጉድጓዱን ስትቆፍር እጇ ቆስሎ ነበር። ቀለሙን የቀባሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ይዩኝ እስቲ፣ ኦቦ ነገሳ። እባክዎ ይዩኝ።»

ከዚያ ያ ትልቅ ራስ ቀስ ብሎ ወደ ግራ መዞር ጀመረ። እየተንቀጠቀጠ ዞረ፣ ዞረ፣ ዓይናቸው ፊቷ ላይ እስኪያርፍ ድረስ። ረጅም ጊዜ አዩዋት።

የግቢው በር የተከፈተው ያኔ ነው። ከካሣዬ በስተኋላ መንገዱን ሞልተው የመጡ ወጣቶች ገቡ። ካሣዬ ለሽማግሌው ዝቅ ብሎ እጅ ነሳና «ይቅርታ ኦቦ ነገሳ፣ መሬትዎን ልናጸዳልዎ ነው» አለ። ባለ ዶማው ወደ መጀመሪያው ቀይ እንጨት ተራመደ።

ሬሐና ቀድማው እንጨቱ ፊት ቆመች።

«ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ!» አለች። ድምፅዋ ቀጠነባት፤ ደገመችው። «እኔ ነኝ የቀባሁት። መሬት ለመለካት አይደለም። ኦቦ ነገሳ ግራቸውን ስለማያዩ፣ ቀዩን እያዩ እንዲራመዱ ነው።»

አንዱ ሳቀ። «ዓይናቸው ደህና አይደል እንዴ? ምንድን ነው የምታወራው?»

ካሣዬ አልሳቀም። «አንቺ ልጅ፣ ዞር በይ» አለ። ቁጣው ውስጥ ሌላ ነገር ነበረ፤ ሬሐና ያን ጊዜ ነው የሰማችው። «እናንተ ነገ ሱቃችሁን ዘግታችሁ ሌላ ቦታ ትከፍታላችሁ። እኛ ወዴት እንሄዳለን? የአጎቴ መሬት ሲወሰድ እንዲሁ ነው የጀመረው። አንድ ቀን ጠዋት ቀይ ችካል ተተክሎ አገኘ። ዛሬ በገዛ መሬቱ ላይ የሰው ዘበኛ ነው።»

ሬሐና እንጨቱን በሁለት እጇ ከኋላዋ ጨብጣ ከቆመችበት ግን አልተነቃነቀችም።

«ነገሳ ገና አልሞተም።»

ሁሉም ዞሩ። ኦቦ ነገሳ መደቡን በቀኝ እጃቸው ተደግፈው ቆመዋል። ሁለት ሰዎች ሊይዟቸው ሲሮጡ ከዘራቸውን አንስተው አስቆሟቸው።

ከዘራውን ተመርኩዘው ወደ እንጨቶቹ አመሩ። ቀኝ እግራቸው ሄደ፤ ግራው መሬቱን እየጫረ ተከተለ። በሁለቱ ረድፍ መሐል ሲገቡ ቆም ብለው ተነፈሱና ራሳቸውን ወደ ግራ አዞሩ። የመጀመሪያውን ቀይ ፈለጉ። አገኙት። ግራ እግራቸው ተነሳ፤ በእውነት ከመሬት ተነሳ። ሁለተኛውን ቀይ ፈለጉ። እንደገና ተነሳ። ካሣዬ ከቀይ ወደ ቀይ የሚሄደውን ዓይናቸውን በዓይኑ ይከተላል። ባለ ዶማው ዶማውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

ጫፍ ሲደርሱ ፊታቸው በላብ ርሷል።

«ፍርሃታችሁ የኔም ፍርሃት ነው» አሉ። «ለመሬቴ ከማንኛችሁም በላይ እሳሳለሁ። ግን ይቺ ልጅ እውነቷን ነው። ሰው ሁሉ ትቶኝ ሲሄድ እየወደቅኩ ያነሳችኝ ገለቴ ናት። የት አለች አሁን?»

«መንገዱ ላይ ናት» አለ ካሣዬ ጭንቅላቱን ደፍቶ። «አሁን ሄጄ አመጣልዎታለሁ።»

«አንተ አይደለህም የምታመጣት። እኔ ነኝ።»

«ኦቦ ነገሳ፣ ሩቅ እኮ ነው! ከወደቁስ?»

«ብወድቅ ታነሱኛላችሁ፤ ይህን ሁሉ ጎረምሳ ምን ላደርገው ነው?»

ሳቅ ፈነዳ። የመጀመሪያው ሳቅ ነበር። ሬሐና እየሮጠች በግራቸው ቆመች። ከግቢው ውጭ ቀይ የለም፤ እግራቸው የሚፈልገው ነገር የለም። ለአፍታ ወላወሉ፣ ወደ ቦዩ ዘመም አሉ። «ግራ!» አለች ሬሐና ልክ እንደ ገለቴ ቆጣ ብላ። «እኔን ይዩኝ። ግራ!» ዞረው አዩዋት፤ ግራው እግር ተነሳ።

ከየቤቱ ሰው መውጣት ጀመረ። አውድማ ላይ የነበሩት መንሻቸውን ይዘው መጡ። ምራታቸው አማታቸውን አስፋልቱን ይዘው ሲመጡ ባየች ጊዜ ጮኸች፤ ጩኸቷ መሐል ላይ ወደ እልልታ ተለወጠ። ሌሎቹ ሴቶች ተቀበሏት። «ጀባዳ! ጀባዳ ኦቦ ነገሳ! በርቱ!» ይላል ሕዝቡ። ሽማግሌው ሲደክማቸው ካሣዬ ትከሻውን ይሰጣቸዋል፤ ሲያገግሙ ይገፉታል።

ገለቴ ከግንዱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ከሱሉልታ ጤና ጣቢያ ያመጣችው የመድኃኒት ካርቶን ጉልበቷ ላይ ነው፤ ሊወስዱባት ቢሞክሩም አልለቀቀችም። እልልታውን ሰምታ ቀና አለች። መጀመሪያ ያየችውን አላመነችም። ከዚያ ካርቶኑን ለአንዱ ጠባቂ አስታቅፋው ተነሳች።

የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ግን ማንም የጠበቀው አልነበረም።

«ተረከዝ! ተረከዝዎን መጀመሪያ! በጣትዎ አይርገጡ ስል አልነበረም እንዴ?»

ኦቦ ነገሳ ቆመው ከት ብለው ሳቁ። ገለቴ ከዚያ በላይ ኮስተር ማለት አልቻለችም፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ሽማግሌውን የሚያስቀምጡበት ነገር ጠፍቶ ሰው ሲራወጥ ሕዝቡን እየከፈለ አንድ ሰው መጣ። ከድሩ ነው። የሱቁን በርጩማ ተሸክሟል፤ አቧራውን በጋቢው ጠርጎ ከኦቦ ነገሳ ኋላ አስቀመጠና «ይቀመጡ አባባ» አለ። ከዚያ ሬሐናን አየ። ትቆጣኛለህ ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ባዶ እግሯን አየና «ጫማሽስ?» አላት። እስካሁን በእጇ ይዛዋለች።

ገለቴ የግፊት መለኪያዋን አውጥታ እዚያው አስፋልቱ መሐል ክንዳቸው ላይ ጠመጠመች።

«ትንሽ ከፍ ብሏል» አለች። «ይህን ሁሉ ሄደው ከፍ ባይል ነበር የምደነግጠው። አርፈው ደግሜ እለካለሁ።»

ካሣዬ ወደ ሕዝቡ ዞረ። «ሲስተር መሬት ስትለካ አየሁ ያለው ማን ነበር?» አለ። ስሙን ያውቀዋል፤ ራሱ እንዲናገር ነው የፈለገው። ሬሐና ዲኖን ከሰዎቹ ኋላ አየችው፤ ልብሱ ላይ ድርቆሽ ተጣብቋል። እሱም አያት። አልጠቆመችም፣ ዓይኗንም አልሰበረችም።

«እኔ ነኝ» አለ ዲኖ። ወደ ፊት ወጣ፣ ከንፈሩ ነጥቷል። «ውሸቴን ነው። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር።»

ማንም አልመታውም። ካሣዬ ፊቱን ወደ ገለቴ መለሰ። «እኔም ሳልጠይቅ አመንኩ» አለ። «ሲስተር፣ ይቅርታ አድርጊልን። መንገዱ ለመኪና ዝግ ነው። ላንቺ ግን ክፍት ነው። በፈለግሽው ሰዓት።» ትንሽ አመነታና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ ራሷን ያዞራታል። ብታይልኝ…»

«አምጣት እንጂ» አለች ገለቴ።

እናቱ መጣች። ከእሷ ኋላ ሌላ ሽማግሌ፣ ከእሱ ኋላ ሁለት አሮጊቶች ተሰለፉ። መንገድ ለመዝጋት የተጋደመው ግንድ ተራቸውን ለሚጠብቁ መቀመጫ ሆነ። ወጣቶቹ ክንድ ይደግፋሉ፣ ከድሩ ውሃ ያድላል፣ ኦቦ ነገሳ በርጩማው ላይ ሆነው ለሁሉም ሰው «ተረከዝ ነው ዋናው ነገር» እያሉ ያስተምራሉ። ሬሐና እንዲህ ያለ ደስታ በዚያች መንደር ሠርግ ላይ እንኳ አላየችም።

ሰልፉ ሲያልቅ ገለቴ ካርቶኑን አንስታ ወደ ኮረብታው አየች።

«አዴ ሎሚ ከሦስት ቀን ወዲህ በር ዘግተውብኛል» አለች። «መሬቴን ልትወስዱ ነው ብለው። ክኒናቸውም አልቋል። አሁን ይከፍቱልኝ ይሆን?»

«አብሬሽ ልሂድ» አለች ሬሐና። አባቷን ዞር ብላ አየችው። ከድሩ ውሃ የቀዳበትን ጣሳ እያለቀለቀ ነበር፤ ቀና ሳይል ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ነጠላ ጫማዋን አጠለቀችና ዳገቱን ጀመሩት። ጥቂት እንደሄዱ ከኋላ የእግር ኮቴ ሰማች። ዲኖ ነው። አልቀረበም፤ ሲዞሩ ይቆማል፣ ሲሄዱ ይከተላል። ገለቴ ሬሐናን አየቻትና መንገዷን ቀጠለች።

ሬሐና አሁንም ተናዳለች። ነገም እንደምትናደድ ታውቃለች። ዳገቱ ግን ረጅም ነው፣ ካርቶኑም ከባድ ነው።

ሳትዞር እርምጃዋን ቀነስ አደረገች።